ቀለህ የለበሰ ታኮ

የሕዝቅኤል ሱሪ መሬት ይጠርጋል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ አከራያቸው ኤዶ ፋዱሞ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት የአበሻ ቤተሰቦች በዚህ ሱሪ ሲቀልዱ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ከሁሉም የባሰችው ስናፍቅሽ ናት። ስናፍቅሽ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አስቀምጣ ስትውል ረጅም የሱሪ እግር ባየች ቁጥር ጣቷን ይበላታል።

«ሕዝቄ፣ ማዘጋጃ ቤት ለምን አይቀጥርህም?» ትለዋለች ሲያልፍ። «ቅያሱን እንደሆነ አንተው ጠርገህ ጨረስከው። አምጣው እንጂ ላሳጥርልህ፤ ክሩም መርፌውም ከእኔ።»

«ይቅር ስኑ፣ ሲታጠብ ይሰበሰባል።»

«ሦስት ዓመት ያልተሰበሰበ ሱሪ ነገ ሊሰበሰብ?»

ይስቃል። እሷም ትስቃለች። ከዚያ ክፍሉ ይገባና በሩን ዘግቶ፣ ጀርባውን በሩ ላይ ለጥፎ ልቡ እስኪረጋ ይቆማል። ምክንያቱም ስናፍቅሽ አንድ ሐሙስ ቀልዷን ትታ፣ ጎንበስ ብላ የሱሪውን ጫፍ ብትይዘው ከሥሩ የምታየው ነገር እሱንም ግቢውንም ይዞ ይጠፋል።

ሐሙስ ሐሙስ ከሱሪው ሥር ያለው የሴት ጫማ ነው። ጥቁር፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ፣ ታኮው አንድ ጋት የሚሞላ። ሱሪው ሳምንቱን ሙሉ ረጅም የሆነውም ሐሙስ ብቻ ረጅም ሆኖ ዓይን እንዳይገባ ነው። እንዲህ ያለ ብልሃት ሥራ ላይ ቢያውለው የት በደረሰ ነበር።

ሕዝቅኤል የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ። ሐርጌሳ ያመጣው ሥራ ነው። ፈንጂ የሚያነሳ አንድ የውጭ ድርጅት ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ፣ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ሥር እግሩን ደብቆ፣ «ቡድን ሁለት፣ ቡድን ሁለት፣ ኦቨር» ሲል ይውላል። ጦርነቱ ካለቀ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ከተማው ቆርቆሮ እየመታ፣ ግድግዳ እየለሰነ ነው፤ መሬቱ ግን የዋጠውን ገና አልተፋም።

ጫማውን ያገኘው ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ነው። ቁጥር አርባ ሁለት። «ለእህቴ ነው» አላት ሻጯን፣ ሳትጠይቀው። ሴትዮዋ ጫማውን አየች፣ እሱን አየች፤ «እህትህ በእግሯ ነው ወይስ በግመል የምትሄደው?» አለችና በጋዜጣ ጠቀለለችለት። ለምን እንደገዛው ራሱን ጠይቆ መልስ አላገኘም። ከልጅነቱ ጀምሮ የነበረ ነገር ነው። ሲያደርገው ወገቡ ይቃናል፣ ትንፋሹ ይረጋል፣ ሰው የሆነ ይመስለዋል። ሲያወልቀው ደግሞ ፍርሃቱ ይመለሳል። ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ቢጨምሩበት ውሸት ይሆናል።

ሐርጌሳ ለእንዲህ ያለ ሰው አንድ ውለታ ትውላለች። ከምሳ በኋላ፣ ከሰባት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት፣ ወንዱ በሙሉ ጫት ላይ ይቀመጣል፤ ሴቱ ጋደም ይላል። ቅያሱ ባዶ ነው፤ ፍየል እንኳ ጥላ ፈልጋ ትተኛለች። ሐሙስ ቢሮው ግማሽ ቀን ስለሆነ ሕዝቅኤል በዚያ ሰዓት ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሌላ ምንም አያደርግም። አንድ ሰው በሩቅ ቢያየው ቁመቱ የጨመረ፣ አካሄዱ የተጠነቀቀ ባለ ረጅም ሱሪ ነው የሚያየው።

የታኮው ጫፍ በድንጋዩ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ጋ መውሰድ አልቻለም። ምን ብሎ ይወስደዋል? ስለዚህ መላ መታ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከመሬት እንደ ሽንኩርት የሚወጣ የክላሽ ቀለህ እዚህ ሰፈር ሞልቷል። ሁለት ለቅሞ፣ በመጋዝ አሳጥሮ፣ ቂጡን ወደ ታች አድርጎ እንደ ኮፍያ ታኮዎቹን አለበሳቸው። ልክክ አለ። እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር።

ያ ሐሙስ ግን ጠዋት ካፊያ ወርዶ ነበር። መሬቱ እንደ ሊጥ ለስልሷል። ሕዝቅኤል መስኮቱ ጋ ቆሞ «ዛሬስ ይቅርብኝ» አለ፤ ብሎም ወጣ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ በሩን ዘጋ። ጫማውን ሲያወልቅ የግራው ቀለህ በቦታው አለ። የቀኙ የለም።

ወዲያው ነጠላ ጫማ አጥልቆ ሊፈልግ ሮጠ፤ በሩን ከፈት ሲያደርግ ግን ካፊያው ያቀዘቀዘው አየር ጥሟቸው ሦስት ሽማግሌዎች ቅያሱ አፍ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ጫታቸውን ይዘዋል። አንዱ እጁን አንስቶ ሰላም አለው። ሕዝቅኤልም ሰላም ብሎ ተመለሰ። አንድ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ መሬት እየቃኘ ሲሄድ ቢያዩ፣ እንርዳህ ብለው እንደሚነሱ ያውቃል፤ እነሱም እስኪጨልም አልተነሱም። «ነገ በማለዳ» አለ። ሲገላበጥ አድሮ ማለዳው ሲደርስ እንቅልፍ ጣለው።

የቀሰቀሰችው የስናፍቅሽ እጅ ናት፤ በሩን በመዳፏ እየመታች።

«ሕዝቄ፣ ተነስ። ሬዲዮህን ይዘህ ና። ኤዶ ፈንጂ መሃል ቆመዋል።»

ኤዶ ፋዱሞ የግቢው ባለቤት ናቸው፤ «ኤዶ» በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው፤ ስኳር አለባቸው፤ ምርኩዛቸውን ይዘው በየማለዳው ወተት ሊገዙ ወደ አስፋልቱ ይወጣሉ። በስደቱ ዘመን ሐርተሼክ መጠለያም፣ ድሬዳዋም ኖረው አማርኛ ያቀላጥፋሉ፤ ለተከራዮቻቸው ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲመርቁ በሶማልኛ ነው። ከስደት በተመለሱበት ሳምንት ባለቤታቸው እዚሁ ቅያስ ውስጥ ፈንጂ ረግጠው ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ ለሰፈሩ ሰው ትምህርት በሰጠ ቁጥር ፊት ወንበር ላይ ተቀማጭ እሳቸው ናቸው። ትምህርቱም አጭር ነው፤ ካየሽ ቁሚ፣ ከቆምሽ ጥሪ፣ ከጠራሽ ጠብቂ።

አዩ። ቆሙ። ጠሩ። አሁን ይጠብቃሉ።

ሕዝቅኤል በሩ ላይ ሲደርስ ከግቢው ሃያ ሜትር ያህል ርቀው፣ በሁለት እጃቸው ምርኩዙን ይዘው፣ አንዷን እግር ከሌላዋ አጠገብ ገጥመው እንደ ምሰሶ ቆመዋል። በግራቸውም በቀኛቸውም፣ በፊታቸውም በኋላቸውም ሁለት ረድፍ ቀዳዳ። የሌሊቱ ነፋስ የጫማውን የፊት ዱካ በአፈር ሞልቶ አጥፍቶታል፤ ታኮው የወጋው ግን ጥልቅ ነውና ደርቆ ቀርቷል። ክብ፣ ጣት የሚያህል፣ በየእርምጃው አንድ። ከእግራቸው አጠገብ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ቢጫ ነገር በጠዋት ፀሐይ ብልጭ ይላል።

«ጥይት አቁመው ቀብረዋል» አለ አንዱ ከቅያሱ ማዶ። «ሲረገጥ ሽቅብ የሚተኩስ። በጦርነቱ ጊዜ አይተናል።»

«ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ አልነበረም።»

«እንግዲያው ማን ተከለው?»

ከማዶ የቆሙት ሰዎች ዓይን ቀስ ብሎ ወደ አበሾቹ ግቢ በር ዞረ፤ ከበሩም ወደ ሕዝቅኤል፤ ከሕዝቅኤልም እጁ ላይ ወዳለችው የፈንጂ ድርጅት ሬዲዮ። ስናፍቅሽ ነገሩ ገብቷት ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«ቶሎ ጥራቸው» አለችው በሹክሹክታ። «እዚህ በሰው መልካም ፈቃድ ነው የምንኖረው። ኤዶ አንድ ነገር ቢሆኑ ማታ እዚህ ግቢ የሚያድር አበሻ የለም።»

ሕዝቅኤል ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋ። አርብ ነው፤ ቢሮ ዝግ ነው። የቡድን ሁለት ኃላፊ ኤልሚ ግን አርብም ሬዲዮውን ከራስጌው አያርቅም።

«ኤልሚ፣ ኤልሚ፣ ሕዝቅኤል ነኝ። ኦቨር።»

«ቀጥል።»

«መሐመድ ሞጌ፣ የእኔ ቅያስ። አንዲት እናት መሃል ቆመዋል። ጉዳት የለም። ምልክት አለ።»

«ምን ዓይነት ምልክት?»

«ቀዳዳ። ክብ ነው።»

«ስንት ይሆናል?»

መቁጠር አላስፈለገውም። ከበሩ እስከ አስፋልቱ መሄጃው ስንት እርምጃ እንደሆነ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። «መቶ… መቶ ሃያ ገደማ» አለ። የራሱን እርምጃ በሬዲዮ ሪፖርት ሲያደርግ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

«የሚታይ ብረት?»

«አንድ።»

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ። መጣሁ።»

ኤልሚ በሩብ ሰዓት ደረሰ፤ ሁለት ሰዎች አስከትሎ፣ የፊት መከለያውን አጥልቆ። ጅጅጋ ያደገ፣ ረጋ ያለ፣ ሳቁን እንኳ መዝኖ የሚስቅ ሰው ነው። ከሕዝቅኤል ጋር ሦስት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተዋል። ቅያሱን በሁለቱም ጫፍ በቀይ ቀለም በተቀቡ ድንጋዮች ዘጋና ከግቢው በር በኩል በሆዱ ተኛ። ቀጭኗን የመፈተሻ ዘንግ እያጋደለ፣ መሬቱን ጣት በጣት እየወጋ፣ ወደ አሮጊቷ መሄድ ጀመረ። እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አንድ ሜትር ለማለፍ አሥር ደቂቃ። ሃያ ሜትር ማለት ምሳ ሰዓት ማለት ነው።

«ኤዶ፣ ደህና ነሽ?» አለ ኤልሚ ከመሬት ቀና ሳይል።

«ደህና ነኝ። አንተ ሥራህን ሥራ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስናፍቅሽ፣ ሻዩን ጥጄው ነው የወጣሁት፤ አውርጂው።»

«አውርጄዋለሁ ኤዶ።»

«ስኳሩ እንዳይበዛ።»

«ምንም አልጨመርኩም። እርስዎ ብቻ አይንቀሳቀሱ።»

ከማዶ የነበሩት ፈገግ አሉ። ሕዝቅኤል ግን ያወቀው ሌላ ነገር ነው፤ ቁርስ አልበሉም። ፀሐይዋ ግድግዳውን ተሻግራ ጭንቅላታቸው ላይ ወጣች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሆነ። ምርኩዙ ትንሽ ትንሽ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኤዶ ፋዱሞ ማዘዝ አቆሙ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ነው። ዓይናቸው ከቢጫው ብልጭታ አይነቀልም።

ሕዝቅኤል ሮጦ ሊያቅፋቸው ፈለገ። ቢሮጥ ግን፣ «ምንም እንደሌለ በምን አወቅህ?» ይባላል። መልሱ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ቀባሪው አንተ ነህ፣ ወይ… ሁለተኛውን በልቡ እንኳ ሊጨርሰው አልቻለም። የሚገርመው፣ ቀባሪ ከመባልና ባለ ታኮ ከመባል የቱ እንደሚያስፈራው ቆሞ ማመዛዘኑ ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት የሰው ልብ እንዲህ ያለ ቂል ይሆናል።

በደንቡ መሠረት ተኝቶ የሚፈትሽ ሰው በየሠላሳ ደቂቃው አሥር ደቂቃ ያርፋል። ኤልሚ በመጣበት ጠባብ መስመር ተመልሶ ከድንጋዮቹ ውጭ ቁጭ አለ፤ መከለያውን አነሳ፤ ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ሁለቱ ረዳቶች ሰው ለማራቅ ሄደዋል። ሕዝቅኤል የውሃ ጠርሙስ ይዞ ከጎኑ ተንበረከከ።

«ኤልሚ።»

«እ?»

«ቀዳዳው ውስጥ ምንም የለም።»

ኤልሚ ጠርሙሱን ከአፉ አወረደ። «እንዴት አወቅህ?»

«የእኔ ነው።»

«አንተ ቀበርከው?»

«አልቀበርኩም። ረግጬው ነው። የሴት ጫማ ነው፣ ባለ ታኮ። ትናንት በጫት ሰዓት አድርጌው ሄድኩበት። ቀለሁ የታኮው ጫፍ ነው፤ ወልቆ ቀረ።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ምድር አልተሰነጠቀችም። ኤልሚ ግን ፊቱን ሳይሆን የሱሪውን ጫፍ ነው ያየው፤ ለረጅም ጊዜ፤ ያልታወቀ ዓይነት ፈንጂ እንደሚያይ።

«ወሪያ፣ አንተ ሰው» አለ በመጨረሻ፣ «አሮጊቷን ለማትረፍ ብለህ የፈጠርከው ከሆነ፣ ሦስታችንንም ነው የምትገድለን።»

«አልፈጠርኩም።»

«ቃል ፈንጂ አያነሳም። አምጣው።»

«ምኑን?»

«ጫማውን። ቀዳዳው ውስጥ ከገባ አምንሃለሁ።» ባዶ የመሣሪያ ከረጢቱን ወረወረለት። «ሰባት ደቂቃ አለህ።»

ሕዝቅኤል ክፍሉ ገብቶ የቀኙን ጫማ ከአልጋው ሥር አወጣ። ከረጢቱ ውስጥ ጨምሮ ሲወጣ ስናፍቅሽ በሩ ላይ አገኘችው።

«ወዴት ነበርክ?»

«ውሃ… ውሃ ላመጣለት።»

ከረጢቱን አየችው። ታኮው ሸራውን ከውስጥ ገፍቶ እንደ ቀንድ ቆሟል። ስናፍቅሽ የልብስ ሰፊ ዓይን ነው ያላት፤ ከጨርቅ ሥር ያለውን ነገር ቅርጽ ታውቃለች።

«ውሃው ቀንድ አወጣሳ» አለች።

ወደ ጎን ሸሸት ብላ መንገድ ለቀቀችለት። «ሂድ» አለች፤ «ሴትዮዋ ሊወድቁ ነው።»

ኤልሚ ከረጢቱን ተቀብሎ፣ መከለያውን ዘግቶ ተመልሶ ተኛ። ጀርባው ቅያሱን ዘግቶታል፤ ከማዶ ያሉት የሚያዩት የራስ ቁሩን ብቻ ነው፣ ከወዲህ ያለው ሕዝቅኤል ደግሞ የኤልሚን ጫማ ሶል። ከረጢቱ ሲከፈት አየ። የኤልሚ ክርን ሲታጠፍ አየ። ከዚያ ኤልሚ መንቀሳቀስ አቆመ።

ኤልሚ አሁን ተነስቶ ጫማውን ከፍ አድርጎ ለሰፈሩ ቢያሳይ ማን ይፈርድበታል? ሕግ አክባሪ ሰው ነው፤ አርብ ነው፤ ከሰዓታት በኋላ መስጊድ ይሰግዳል። ዝንብ እጁ ላይ አርፋ ስትሄድ ሕዝቅኤል አላባረራትም።

ኤልሚ ዘንጉን አነሳ። መውጋቱን ቀጠለ። ግን አሁን በፍጥነት ነው፤ መሬቱን እየነካ የሚያልፍ፣ ለዓይን ብቻ የሚሠራ ሥራ። ይህን ሌላ ሰው አያስተውለውም፤ ሦስት ዓመት ሥራውን በሬዲዮ የተከታተለ ሰው ግን ያውቃል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ኤዶ ፋዱሞ እግር ሥር ደረሰ።

እዚያ የተነጋገሩት አልተሰማም። የታየው ይህ ነው። ኤልሚ ተንበርክኮ ቢጫውን ነገር ከቀዳዳው በሁለት ጣቱ መዘዘው። ኤዶ ፋዱሞ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምንም አልፈነዳም። ኤልሚ ትከሻውን አስይዟቸው ምርኩዙን ከእጃቸው ወሰደ፤ ጫፉ በእርጅና ሾጥጧል፤ ቀለሁን አጠለቀበት፤ በድንጋይ መታ መታ አደረገው። አሮጊቷ ምርኩዛቸውን አዩት። ከረጢቱ አፉ ገርበብ ብሎ ነበርና፣ ዝቅ ብለው ውስጡን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ግቢው በር አዩ፤ ወደ ሕዝቅኤል፤ ወደ ሱሪው ጫፍ።

ኤልሚ ተነስቶ መከለያውን አነሳና በሶማልኛ ተናገረ። «ፈንጂ የለም። የኤዶ ምርኩዝ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ቀለህ ወልቆ ቀርቶ ነው።»

ከማዶ ያሉት ወደ ድንጋዮቹ ጠጋ አሉ።

«ታዲያ ለምን ሁለት ረድፍ?» አለ ጥይት ሽቅብ ይተኩሳል ያለው ሰውዬ።

«መሄጃ አንድ፣ መመለሻ አንድ።»

«ኤዶ፣ የራስሽን ምርኩዝ ነው ሁለት ሰዓት ሙሉ የፈራሽው?»

አሁን ሁሉም ያለው በእሳቸው አፍ ነው። ኤዶ ፋዱሞ ምርኩዛቸው ላይ በሕይወታቸው ቀለህ አጥልቀው አያውቁም። ሐሙስ ካፊያ ነበርና ከቤት አልወጡም፤ ይህንን ስናፍቅሽም ታውቃለች። በዚህ ሰፈር የተሳለቀባቸው ሰው የለም፤ ሽማግሌ እንኳ ሲያልፉ ይነሳላቸዋል። ሕዝቅኤል የበሩን መቃን ያዘ።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉ ኤዶ ፋዱሞ። ድምፃቸው ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ግን ደረሰ። «የረሳሁት እኔ ነኝ። ባሌን የበላ መንገድ ነው፤ ጥላዬንም ብፈራ አትፍረዱብኝ።»

አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ ግን ሳቅ ነው። በዚያ ሳቅ መሃል በኤልሚ ክንድ ተደግፈው፣ በሕዝቅኤል ዱካ ላይ እየረገጡ፣ ግቢያቸው ገቡ። ከምሳ በፊት ሰፈሩ አዲስ ስም አውጥቶላቸው ነበር፤ ኤዶ ምርኩዝ።

ቅዳሜ ጠዋት ኤልሚ ሬዲዮ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሕዝቅኤል ሲከፍተው ጫማው አለ፤ ታኮው የለም። ከሥሩ በመጋዝ ተቆርጧል፤ አቆራረጡ ንጹሕ ነው፣ የኤልሚ ሥራ።

«ሪፖርቱ ላይ ምርኩዝ ብዬ ጽፌአለሁ» አለ ኤልሚ። «ሰባት ዓመት ስሠራ ውሸት ጽፌ አላውቅም። እኔ እግሬን የማሳርፈው ሌላ ሰው ‹ንጹሕ ነው› ብሎ በጻፈው መሬት ላይ ነው። ይገባሃል?»

«ይገባኛል።»

«ከዛሬ ጀምሮ የራሴን ጽሑፍም እጠረጥራለሁ። ይህን ነው ያደረግከኝ።» የበሩን እጀታ ይዞ ቆመ። «ለማንም አልናገርም። ግን ከዚህ በላይ ምንም አትጠይቀኝ።»

ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ የሚያወሩት የሥራ ብቻ ሆነ። ቀድሞ ኤልሚ ሥራ ሲያበቃ «ደህና እደር፣ የድሬ ልጅ» ይለው ነበር። አሁን «ኦቨር» ይልና ሬዲዮው ጸጥ ይላል። ሕዝቅኤል በዚያ ጸጥታ ውስጥ በየማታው አንድ ነገር ያሰላስላል፤ ነገ ለማን ይናገር ይሆን?

ግቢው ውስጥ ደግሞ የባሰ አለ። ኤዶ ፋዱሞ ቀለሁን ከምርኩዛቸው አላወለቁትም። ሲሚንቶው ላይ ቂው፣ ቂው እያለ ሲመጣ ሕዝቅኤል የያዘውን ነገር ይጥላል። የቤት ኪራይ ሲሰጣቸው ዓይናቸውን አያይም። አንድም ቃል አልተነፈሱም። ስናፍቅሽም ስለ ሱሪው መቀለድ አቁማለች፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ አስፈራው። ቀልድ የቆመበት ቤት ውስጥ አንድ የሚታወቅ ነገር አለ።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ጫማው አልጋ ሥር ነው፤ አንዱ ባለ ታኮ፣ አንዱ ቆራጣ። አንድ ሐሙስ ጠዋት እንደገና ካፊያ ወረደ። በጫት ሰዓት ሕዝቅኤል መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ባዶውን ቅያስ ያያል። የግቢው በር ተንቋቋ። ኤዶ ፋዱሞ ወጡ።

በዚያ ሰዓት መተኛት ነበረባቸው። ግን ምርኩዛቸውን ከፍ አድርገው መሬቱን ወጉ፤ ቆም አሉ፤ አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ወጉ። የሴት እርምጃ አልነበረም፤ ሰፋ ያለ ነው፣ እየለኩ። እስከ አስፋልቱ አንድ ረድፍ። እዚያ አረፉ፤ ግድግዳ ተደግፈው ተነፈሱ። ከዚያ ዞረው፣ ሌላ ረድፍ እየወጉ፣ በሠላሳ ደቂቃ ተመለሱ። ከዚያ ቂው ቂው የሚለው ድምፅ በሲሚንቶው ላይ መጥቶ ከሕዝቅኤል በር ፊት ቆመ።

«ሕዝቅኤል።»

«አቤት ኤዶ።» አልከፈተም። መክፈት አልቻለም።

«ቅያሱ ላይ የምርኩዜ ቀዳዳ አለ። ሰው እንዳይደነግጥ።»

«እሺ ኤዶ።»

«እስከ ነገ ይቆያል።» በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የቀለሁ ቂጥ ይታያል። «ሱሪህንም ለስናፍቅሽ እንዳትሰጣት። ስታጥፍ ታበላሻለች።»

ድምፁ ራቀ። ሕዝቅኤል ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከምርኩዙ ቀዳዳ መሃል ዛሬ የታኮ ቀዳዳ ማንም አይለይም። ፈቃድ ይሁን ማስጠንቀቂያ፣ ምሕረት ይሁን ወጥመድ፣ ከበሩ ወዲህ ሆኖ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ከአልጋው ሥር ሁለቱን ጫማ ስቦ አወጣ። ግራውን አደረገ፤ ቀኙን አደረገ። ቆመ። አንዱ ትከሻው ከፍ፣ አንዱ ዝቅ አለ። ስለዚህ ቆራጣዋን እግር በጣቱ ቆመባት፤ ተረከዙን በባዶ አየር ላይ ታኮው በነበረበት ልክ ያዘው። ወገቡ ተቃና።

እጁን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈ፤ አልሳበውም። ከውጭ የስናፍቅሽ የስፌት መኪና ጀመረ፤ አቆመ። ባቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እሱ ግን አልወረደም። ያችን የትምህርት ቃል በልቡ ደጋገማት፤ ካየህ ቁም፣ ከቆምክ ጥራ፣ ከጠራህ ጠብቅ። ቆሟል። የሚጠራው ስም ግን አፉ ላይ አልመጣለትም፤ ጥሪውን ዘሎ፣ በሩ ጀርባ ቆሞ ይጠብቃል።